በመቀነት የታሰረ ቃሬዛ

አንድ ቃሬዛ ተሸካሚ ሰው ነበረ። አባቱ በሕይወት ሳሉ ጠዋት ጠዋት ጸሎት አሳርገው ሲያበቁ፣ ቤተሰቡ ገና አንገቱን እንደ ደፋ፣ «አሜን ካላችሁ ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ተነሱ እንጂ!» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ቀን አይደለም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ። ልጆቹ ሰልችቷቸው ከአሜኑ ጋር አያይዘው አብረዋቸው እስኪሉት ድረስ። ይህ ሰው የአባቱን ጸሎት በደንብ ወረሰ። ከጸሎቱ በኋላ ያለውን ነገር ለመውረስ ግን ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

ደምለው፣ ይህን የምነግርህ ትናንት ከቅዳሴ ስንወጣ ስለጠየቅኸኝ ነው። ሚስትህ ሆስፒታል ገብታ በሰላም ተገላገለች። ልጁም ደህና ነው። ሐኪሞቹ ግን የደም ግፊቷ አላማረንም፣ እስከ ሐሙስ እናቆያት አሉህ። አንተም፣ «አባባ፣ ማርያም ምራት ካበቃች በኋላ ሐኪም ቤት ማቆየት አለማመን አይሆንብኝም ወይ?» አልከኝ። እኔ እንደምታውቀው ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም። ስለ ግፊት ልነግርህ አልችልም። ስለዚያ ሰው ግን ልነግርህ እችላለሁ።

የሰውየው አገር ገደላማ ነው። ከመንደሩ ተነሥቶ መኪና መንገድ ዳር ካለው ጤና ጣቢያ ለመድረስ ቁልቁለቱን መውረድ፣ ወንዙን መሻገር፣ ከዚያ ደግሞ ዳገቱን መውጣት ነው። ሦስት ሰዓት ያስኬዳል፤ ያውም እጁን እያወናጨፈ ለሚሄድ ሰው። ስለዚህ ያገሩ ሰው የቃሬዛ ማኅበር አለው። ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ አጠናዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተጋድመው ይቀመጣሉ። ማሰሪያው ግን በግል ነው፤ እያንዳንዱ አባል የራሱ ጠፍር አለው። ሰው ታመመ ሲባል ስምንት ወንዶች ጠፍራቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ይመጣሉ። ጠፍሩ በሁለቱ አጠና መካከል ወዲህና ወዲያ ይሸመናል፤ በላዩ ጋቢ ይነጠፋል፤ በሽተኛው ይተኛል፤ ጉዞ ይጀመራል።

ልማዳቸው ታዲያ እንዲህ ነው። በሽተኛው ድኖ ወይም ወላዷ ተገላግላ ስትመለስ፣ ቃሬዛው ከተነሣበት ደጅ ላይ እልል ተብሎ ይፈታል። ያውም ፀሐይ ሳትጠልቅ። ታስሮ ካደረ ሌላ ሰው ይጠራል ብለው ይፈራሉ። አራስ ደግሞ አንዴ ቤት ከገባች ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ደጅ አትወጣም። በቃሬዛ የምትወጣ አራስ አንድ ብቻ ናት፤ የሞተች።

ሰውየው የዚህ ማኅበር አለቃ ነበር። ሸክም ሲነሣ ጸሎቱን የሚያሳርገው እሱ ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ተሸክሞት መንገድ ላይ የሞተ ሰው የለም። በዚህም ትንሽ ይኮራ ነበር፤ ለሰው ባይናገረውም ለእግዚአብሔር ሳያነሣበት አይቀርም።

ሚስቱ አንጓች ትባላለች። ከተጋቡ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ልጅ አላገኙም። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጊዜ ወርዶባታል። በአሥራ አንደኛው ዓመት ጽንሱ ጸና። ወሯ ሲገባ እግሯና ፊቷ አበጠ። የጎረቤት ሴቶች፣ «ወንድ ነው፤ እንዲህ የሚያሳብጥ ወንድ ነው» እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷም ትስቅ ነበር።

ምጡ ጎሕ ሲቀድ መጣ። ስምንቱ ወንዶች ተሰበሰቡ፤ ጸሎት አደረሰ፤ አነሧት። ቁልቁለቱ መሃል ላይ ሞላልኝ የሚባለው፣ አፉ ዕረፍት የማያውቅ ተሸካሚ፣ ከኋላ ሆኖ፣

«አለቃ፣ የኔን ሚስት ስትሸከም እንደ ፈረስ ትጋልብ አልነበር? የራስህ ስትሆን ምነው እግርህ ተሳሰረ?» አለው።

አንጓች በምጥ መሃል ሆና ሳቀች። «ሞላልኝ፣ አንተን ተሸክመን ገደል የምንወረውርበት ቀን ይመጣል» አለችው።

«እሱማ ከስምንት ሰው በላይ ይፈልጋል፤ ከባድ ነኝ!»

እንዲህ እየተባባሉ ደረሱ። አንጓችም ቀትር ሳይሆን ጤና ጣቢያው ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች። «ማርያም ማረችሽ!» ተባለ። ሰውየው ከደጅ ሆኖ የልጅቱን ልቅሶ ሲሰማ ግድግዳውን ደግፎ አለቀሰ። አሥራ አንድ ዓመት የለመነውን ነገር በጆሮው ሰማው።

የጤና ጣቢያው አዋላጅ ወጣት ሴት ናት። የግፊት መለኪያውን ከአንጓች ክንድ ላይ አሰረች፤ አየችው፤ ፈታችው። ጥቂት ቆይታ እንደገና አሰረችው። ከዚያ ወጥታ፣

«ጋሼ፣ ልጅቱ ደህና ናት። የእናትየው ግፊት ግን ከፍ ብሏል። ዛሬ እዚህ ትደር። ካልወረደ ነገ ሆስፒታል እንልካታለን» አለችው።

«ምን ሆነች? ተገላግላ የለም እንዴ?»

«ተገላግላለች። ይሄ ነገር ግን ከወሊድ በኋላም ይመጣል። ወልዳ ደህና የመሰለችው ናት አንዳንዴ በሦስት በአራት ቀን የምትወድቀው።»

ሰውየው ወደ ደጅ ተመለከተ። ሰዎቹ ከጥላው ሥር ተቀምጠዋል። ቃሬዛው እንደታሰረ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። አሁን ካልተነሡ ሳትጠልቅ ደጃፋቸው አይደርሱም። ሞላልኝም ከወዲያ ሆኖ በእጁ ወደ ፀሐይዋ ጠቆመው።

«እኅቴ» አለ ሰውየው፣ «እኔ አሥራ አንድ ዓመት ለምኜ ነው። አምላክ ሰጥቶኝ ሲያበቃ ነገ ደግሞ ምን ይመጣ ይሆን ብዬ ብጠራጠር ይከፋዋል።»

«አምላክን ይጠራጠሩ አላልኩም ጋሼ። ይደሩ ነው ያልኩት።»

አዋላጇ እውነቷን ነበር። እሱ ግን የወሰነው ፀሐይዋን ሲያይ ነው። አዋላጇ እንደማይቆይ ስታውቅ መድኃኒት ሰጠችውና በር ላይ ይዛ አቆመችው። «እንግዲያው ይስሙኝ። ራሷን ከፍሎ ካመማት፣ ዓይኗ ከፈዘዘባት፣ ከደረቷ በታች ከቆረጣት፣ ጊዜ እንዳይፈጁ። ያምጧት» አለችው። እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ ጆሮው ግን ደጅ ነበር።

እየዘፈኑ ገቡ። ቃሬዛው ደጁ ላይ እልል ተብሎ ተፈታ። ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ ላይ ገና ሁለት ጣት ያህል ቀርታት ነበር። እያንዳንዱ ጠፍሩን ጠምጥሞ ወደየቤቱ ሄደ። በዚያ ቀን ከሰውየው የበለጠ ደስተኛ ሰው በአገሩ አልነበረም።

ሁለት ቀን ደህና ዋለች። በአራተኛው ቀን ወንዶቹ ሁሉ ዘር ለመዝራት ከጉብታው ማዶ ወርደዋል። እሱ አራስ ጠባቂ ስለሆነ ቀርቷል። ረፋዱ ላይ አንጓች፣ «ራሴን፣ ራሴን» ማለት ጀመረች። ሴቶቹ፣ «ምች ነው፣ በር ተከፍቶ ነው ያገኛት» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ካፍንጫዋ አስጠጉላት። እሷ ዓይኗን እያሻሸች፣

«ቤት ውስጥ ጭጋግ ገባ እንዴ?» አለች።

ቀኑ ብራ ነበር። ሰውየው ይህን ሲሰማ የአዋላጇ ቃል አንድ ሳይቀር መጣበት። ደግነቱ ያኔውኑ መጣበት፤ በማግሥቱ ቢመጣበት ምን ይጠቅመው ነበር። ከምሰሶው ሥር ተንበርክኮ መጸለይ ጀመረ። እየጸለየ ሳለ አንጓች ዓይኗን ወደ ላይ ሰቅላ ተንፈራገጠች። አፏ አረፋ ደፈቀ። ሴቶቹ ጮኹ። ለክፏት ነው አሉ፤ ጠበል ይምጣ አሉ። ጥቂት ቆይቶ መንፈራገጧ ቆመ፤ እንደ ከባድ እንቅልፍ እያንኮራፋች ጸጥ አለች።

ሰውየው ጸሎቱን ጨርሶ አሜን አለ። ከጉልበቱ ግን አልተነሣም። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረው። ለምን መሰለህ? መነሣት ፈርቶ ነው። ከተነሣ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ቃሬዛ ማሰር ነው። አራስ በቃሬዛ ማውጣት ደግሞ በአገሩ ሳትሞት እንደ ሞተች መቁጠር ነው። ሃያ ዓመት የሰው ሸክም የተሸከመ ትከሻ ይህንን ግን አልደፈረም።

ሁለተኛውን አሜን ሲል ግን የአባቱ ድምፅ ከጆሮው ገባ። ያ የሰለቸው፣ ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር እያላገጠ ሲለው የኖረው ነገር። ተነሣ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሁለቱን አጠና ብቻውን በትከሻው ይዞ መጣ። እናቱ ሕፃኗን ታቅፈው በሩ ላይ ቆሙ።

«አታስገባም!» አሉት። «አራስ ቤት ቃሬዛ አታስገባም! ገና አራት ቀኗ ነው። አገሩ ሞተች ይላል። በሚስትህ ላይ ታሟርታለህ?»

«እማዬ፣ ሞተች ይበሉ» አላቸው። «ሰው ሞተች እያለ እሷ ብትድን ይሻለኛል፤ ሰው ማርያም ማረቻት እያለ እሷ ከምትሞትብኝ።»

 እናቱ ከበሩ ገለል አላሉም። እሱ ደጁ ላይ ተንበርክኮ የራሱን ጠፍር ባጠናዎቹ መካከል ይሸምን ጀመር። አንድ ጠፍር ሰው አይዝም። ሰባቱ ጠፍሮች ከሰባት ሰዎች ወገብ ላይ ናቸው፤ ሰዎቹም ከጉብታው ማዶ ናቸው። ጠፍሩ አልቆ እጁ ባዶውን ቀረ። ቢዘረጋው ቢያሳሳው ከወገቧ በታች የሚይዝ ነገር የለም።

እናቱ ቆመው አዩት። «በዚህ ነው የምትሸከማት? ትወድቅብሃለች እኮ» አሉት። ከዚያ ሕፃኗን ለጎረቤቲቱ ሰጡና መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩ። ረጅም መቀነት ነው፤ ሲፈቱት ሲፈቱት አያልቅም። ጣሉለት። «በል እሰር። ቀሚሴን እኔ በእጄ እይዘዋለሁ።»

የእናቱን ሲያዩ ሌሎቹም ሴቶች ፈቱ። «የኔ ያረጀ ነው፣ ይበጠሳል።» «ድርብ አድርጊው እንግዲህ!» «ያንቺ የሠርግሽ አይደለም እንዴ?» «ሠርጌ አልፏል፤ እንኪ!» ሰባት መቀነት ሆነ። ነጩ፣ ጥለት ያለው፣ ያደፈው፣ አዲሱ። ሰውየው በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ጠብቆ የታሰረ ቃሬዛ አላየም። አንጓችን በጎኗ አስተኟት፣ አረፋው ጉሮሮዋ እንዳይገባ። ተሸካሚም ስላልነበረ እሱ ከፊት ሆኖ አምስት ሴቶች አብረውት አነሡ፤ ጎረቤቲቱም ሕፃኗን ታቅፋ ተከተለች። በዚያ አገር ሴት ቃሬዛ ተሸክማ አታውቅም። በዚያ ቀን ተሸከመች።

ከሸለቆው ማዶ ያሉት መንደሮች ከአራስ ቤት ቃሬዛ ሲወጣ አዩ። ወዲያው ዋይታው ተነሣ። አንዷ ከፍታ ላይ ቆማ ደረቷን መታች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት። ሰውየው፣ «በሕይወት ናት! በሕይወት ናት!» እያለ ቢጮኽ ድምፁ አይደርስም። ሰው ሁሉ ደግሞ ሊቀብር ሊመጣ ነው። የዚያን ጊዜ እናቱ ቀሚሳቸውን በግራ እጃቸው ሰብስበው ከቃሬዛው ፊት ወጡና እልልታውን ለቀቁት። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሴት ናቸው። እልል ሲሉ ገደሉ መለሰላቸው። ከኋላ የተሸከሙትም ሴቶች ተቀበሉ።

ከጉብታው ማዶ የሚዘሩት ወንዶች ባንድ ጆሮአቸው ዋይታ፣ ባንድ ጆሮአቸው እልልታ ሰሙ። በሬዎቻቸውን በቀንበር እንዳሉ ትተው ሮጡ። ሞላልኝ መጀመሪያ ደረሰ።

«ምንድነው ይሄ? ለቅሶ ነው ሠርግ ነው?» አለ እያለከለከ።

«ሐኪም ቤት ነው! ተሸከም!» አሉት የሰውየው እናት።

ሞላልኝ ቃሬዛውን አየ፤ ሴቶቹን አየ። ከመቀነቶቹ አንዱን አወቀው። «የሚስቴ አይደለም እንዴ?» አለ። ሌላ ነገር ለመናገር አፉን ከፍቶ የአንጓችን ፊት ሲያይ ዘጋው። ትከሻውን ከአጠናው ሥር አስገባ። ወንዙ ላይ አንዴ ደግማ ተንፈራገጠች። ሰውየው ከንፈሩን ነክሶ ሄደ እንጂ አልቆመም።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ሰውየው ሸክሙ ሳይሆን ያዋላጇ ፊት ከበደው። ምን ትለኛለች ብሎ ተሳቅቋል። እሷ ግን ገና ከሩቅ እያየቻቸው ሮጣ መጥታ፣ «አመጧት? እሰይ፣ እሰይ!» ብቻ ነው ያለችው። መርፌውን ወጋቻት፤ አምቡላንስ ጠራች፤ አብራት ተሳፈረች። ሰውየውና እናቱ ከሕፃኗ ጋር ገቡ። ሞላልኝና አራት ሰዎች ቃሬዛውን ይዘው በጭነት መኪና ተከተሉ። መልሰን ይዘናት እንገባለን ብለው ነው።

ሆስፒታሉ ውስጥ በእርግዝናም በአራስነትም በጽኑ የታመሙ እናቶች የሚተኙበት ክፍል አለ። አንጓችን ከዚያ አስገቧት። ከክንዷ ላይ መድኃኒቱ ጠብ ጠብ ይላል። በየሩብ ሰዓቱ አንድ ሰው እየመጣ ግፊቷን ይለካል፣ ትንፋሿን ይቆጥራል፣ ይጽፋል። በትንሽ መዶሻም ጉልበቷን ቀስ ብለው ይመቱ ነበር። የሰውየው እናት ይህን በመስኮት አይተው፣ «ምን አጠፋች ብለው ነው ልጄን የሚመቷት?» ብለው ተቆጡ። አንዷ ነርስ ወጥታ፣ መድኃኒቱ እንዳይበዛባት በዚያ እንደሚያውቁ አስረዳቻቸው። እናትየው አልተዋጠላቸውም፤ ግን ቁጭ አሉ። ሕፃኗንም ነርሶቹ የእናቷን ጡት እያለቡ ይመግቧት ነበር።

በማግሥቱ ቀትር ላይ አንጓች ዓይኗን ገለጠች። ባሏን አየችው፤ አወቀችው።

«ልጄ ጠባች?» አለች።

እንግዲህ ደምለው፣ የሰውየውን ደስታ አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። ወደ ደጅ በረረ። ሞላልኝና ጓደኞቹ ግቢው ውስጥ ከዛፉ ሥር ናቸው። ነገራቸው። ሁሉም አማተቡ። ሞላልኝም ወዲያው ምላሱ ተመለሰለት።

«እንነሣ እንግዲህ አለቃ! ሴቶቻችን ከትናንት ጀምሮ ቀሚሳቸውን በገመድ አስረው ነው ያሉት። ዘሩም መሬት ላይ እንደተበተነ ነው። በል አምጣት፣ እየዘፈንን እንግባ!»

ሰውየውም ልቡ ተነሣ። ትናንት የነበረው ሁሉ እንደ ሕልም ሆነበት። ገብቶ የክፍሉን ኃላፊ ጠየቀ። ከዚያ በፊት አይቷት የማያውቃት ሴት ናት፤ ስሟንም እስከ ዛሬ አያውቅም። ፀጉሯ ሸብቷል፤ እግሯ ከመቆም ብዛት አብጦ ጫማዋን በግማሽ ነው የተጫማችው። እሱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና፣ «እግዜር ይስጥልን። ይኸው አምላክ ሚስቴን መልሶ ሰጥቶኛል። እንግዲህ ልውሰዳት» አላት።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ስለ በሽታውም ብዙ አላስረዳችውም። ሃይማኖቱን አልነካችበትም። ፊቱን ቀና ብላ አይታ አንዲት ነገር መለሰችለት። ያቺን ነገር አሁን አልነግርህም፤ ወደ መጨረሻ አደርሳታለሁ።  ሰውየው ያቺን ሰምቶ ወጣና ለነሞላልኝ፣ «አንሄድም» አላቸው።

«ምን ሆነ?»

«አንሄድም። እናንተ ወደ ዘራችሁ ሂዱ። ቃሬዛውን ግን እንዳትፈቱት።»

«ታስሮ ሊያድር?» አለ ሞላልኝ።

«አንዴ አድሯል እኮ። ማን ሞተ?»

ሞላልኝ ቃሬዛውን እንደታሰረ በትከሻው ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ሄደ። 

ዓይኗን በገለጠች በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንጓች ቁጭ ብላ ሕፃኗን እያጠባች ሳለ ግፊቷ ድንገት ወጣ። እሷ ምንም አልተሰማትም ነበር። የለካችው ነርስ ናት ያወቀችው። ወዲያው ሦስት ሰው መጣ፤ በደም ሥሯ መድኃኒት ገባ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወረደላት። ሕፃኗም ከጡቱ አልተነሣችም። ሰውየው መስኮቱ አጠገብ ቆሞ አሰበው። ሂዱ ተብለው ይዘዋት ሄደው ቢሆን፣ በዚያች ሰዓት ወንዙን ተሻግረው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ ቃሬዛውን ፈትተው፣ እልል ብለው ሁሉም ወደየቤቱ ገብቶ ነበር። እሷም ከጓዳ ብቻዋን። 

በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ መድኃኒትና ወረቀት ሰጥታ፣ መቼ ተመልሰው እንደሚታዩ ነግራ አሰናበተቻቸው። አንጓች ከመኪናው ወርዳ እስከ ወንዙ በእግሯ ካልሄድኩ አለች። መኪና መንገዱ ዳር ከጓደኞቹ ጋር ቃሬዛውን ይዞ ሲጠብቃት የነበረው ሞላልኝ ግን፣ «የሚስቴ መቀነት ላይ ሳትተኚ አትገቢም» ብሎ ግድ አላት።

ከዚያ ወዲያ ማኅበሩ ተሰብስቦ ተከራከረ። አንድ ሽማግሌ፣ «ታስሮ ያደረ ቃሬዛ ይጣራል፤ አባቶቻችን አላበዱም!» ብለው ቆሙ። ሞላልኝ ተነሥቶ፣ «ይጣራ አባቴ። ሲጣራ እንሄዳለና። ማኅበሩን የጠጣነው ለዚያ አይደለም እንዴ?» አላቸው። ስድቡም ሳቁም በረከተ። በመጨረሻው፣ በመንደሩ አራስ ካለች ልጇ ክርስትና እስኪነሣ ቃሬዛው እንዳይፈታ፣ ጤና ጣቢያው እደሩ ካለም እንዲታደር ቆረጡ። ካንጓች በኋላ ሁለት አራሶች በዚያ ቃሬዛ ወጥተው በእግራቸው ገብተዋል። አንደኛዋ ደም ነበር የበዛባት። የሰውየው እናት ግን እስከ ዛሬ ታስሮ የቆመውን ቃሬዛ ባዩ ቁጥር ያማትባሉ፤ ልማድ ነው፣ አይፈረድባቸውም።

አሁን ወዳንተ ልመለስ፣ ደምለው። ያ ሰው አንተ ነህ። እሱን የምትጠልቅ ፀሐይ አስቸኮለችው፤ አንተን ደግሞ ከሆስፒታሉ በር የቆመው መኪና፣ ቤት ሆነው እልል ሊሉ የሚጠብቁህ ዘመዶችህ ያስቸኩሉሃል። ማቆየት አለማመን ነው ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። አይደለም ልጄ። ሰውየው በመጀመሪያው ቀን ሚስቱን ይዞ ሲነሣ ያመነው አምላክን አልነበረም፤ ፀሐይዋን ነበር። ምሕረት እንደ ልጅ ልቅሶ አንዴ ተሰምቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። ዛሬ ግፊቷን የምትለካው ልጅ፣ በየሩብ ሰዓቱ እየመጣ የሚጽፈው ሰው፣ አንተ ዘጠኝ ወር የጸለይከው ጸሎት እጅ አውጥቶ ነው። ስለዚህ ዛሬ ወደ ሆስፒታሉ ሂድ። መኪናውን አሰናብተው። ዘመዶችህን ሐሙስ እንገናኝ በላቸው። ከሚስትህ አጠገብ ተቀመጥና አመስግን፤ አንተም ምሳህን ብላ፣ ከስተሃል።

ሰው ለምን ቆየህ ብሎ ቢጠይቅህ ምን እንደምትል ጨንቆህ ከሆነ፣ እኔ ከራሴ የምሰጥህ ቃል የለኝም። ያቺ ስሟን የማያውቃት፣ እግሯ ያበጠው ሴት ለሰውየው የመለሰችለትን ስጣቸው። እንዲህ ነበር ያለችው፤

«እግዜር ሰጥቷል፤ እኛ ተቀብለን እስክንጨርስ ግን ሦስት ቀን ይታገሡን።»